ባለ ሁለት ዓይኑ አሻንጉሊት

ካርቶኑ ጠፍቷል። በላዩ በእንግሊዝኛ ምን ተጽፎ እንደነበር ዛሬ ማረጋገጥ አልችልም። ሥዕሉን ግን አስታውሰዋለሁ፤ በዚያ ሰሞን ከእሱ የበለጠ የማየው ነገር አልነበረኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ የመንገድ ሥራ ግሬደር ይነዳ ስለነበር መንገዱ ወደሄደበት እንሄዳለን፤ ያን ክረምት መንገዱ ወረታ አደረሰን። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ልትወልድ ወደ ወላጆቿ አገር፣ ወደ ምዕራብ ሄዳ ነበር። ካምፑ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች ቤተሰባቸውን አላመጡም። አባቴ ምሳዬን ከድኖ በጠዋት ይወጣል፤ እስኪመሽ ድረስ በግቢው ውስጥ የማገኘው ሰው ዘበኛው ብቻ ነው። ዘበኛው ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጆሯቸው ግን አይሰማም። የነገርኳቸውን ሁሉ «ደግ አደረግሽ» ብለው ይመልሱልኛል።

አባቴም እናቴም ጥቁር ናቸው፤ እኔም ጥቁር ነኝ። ወረታ ጥቁር ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም። ፎገራ ሜዳ ላይ ሲያርስና ከብት ሲጠብቅ ውሎ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ሞልቷል። የእነሱ ጥቁረት ግን ከሥራ የመጣ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ የእኔ ከዘር የመጣ ነው ተብሎ ይነገራል። ልጆቹ ከሰል ብለው ሰየሙኝ። ከዚህ የከፋ ስምም ነበር፤ እሱን ትልልቅ ሰዎችም ይሉት ስለነበር እዚህ አልደግመውም።

«ከሰል፣ እንዳትነኪን! ታጠቁሪናለሽ!» ይሉኛል።

ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ተጠግቼ ከቆምኩ አንዷ «ተሟልተናል» ትላለች። ሁለት ሆነውም ተሟልተናል፣ አሥር ሆነውም ተሟልተናል። አልተጣላሁም። ትንሽ ቆሜ፣ የምሄድበት ያለኝ አስመስዬ ወደ ካምፑ እመለሳለሁ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል የርብ ወንዝ ገና አልጎደለም ነበር። የፎገራ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ የገባበትን ሁሉ አልለቅም ይላል። አንድ የውጭ አገር ሰው፣ የእርዳታ ሥራ ላይ ያለ ይመስለኛል፣ መኪናውን ከመንገዱ አውጥቶ ዋልካው ውስጥ ተከላት። አባቴ በግሬደሩ ጎትቶ አወጣለት። ሰውየው ሊከፍለው ሲል አባቴ አልቀበልም አለ። በቋንቋ ስለማይግባቡ ሰውየው እጁን ዝቅ አድርጎ የልጅ ቁመት አሳየውና በዓይኑ ጠየቀው። አባቴም እጁን ወደ ደረቱ ከፍ አድርጎ የእኔን ቁመት አሳየ። በዚህ ነው ካርቶኑ ወደ እኔ የመጣው።

«ላንቺ ነው የሰጠኝ» አለ አባቴ ማታ።

«ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰው ነው መሰለኝ።»

እውነትም ሰው ነበር፤ ሁለት የፕላስቲክ ሰዎች፣ ከመዳፌ የማይበልጡ። አንደኛው መልኩ እንደ ሕፃን ተረከዝ የቀላ፣ ፀጉሩ ቢጫ፣ ከትከሻው ቀይ ካባ የተንጠለጠለ። ሁለተኛው ጥቁር። ጠይም አይደለም፣ ቀይ ዳማም አይደለም፤ ጥቁር ነው፣ እንደ እኔ። ከዚያ በፊት አሻንጉሊት አይቼ የማውቀው ባሕር ዳር በአንድ ሱቅ መስኮት ነው፤ እነሱም በሙሉ ባለ ቢጫ ፀጉር ነበሩ። ሰው እኔን የመሰለ ነገር ሠርቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ ይሸጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጥቁሩን አውጥቼ ከትራሴ ሥር አሳደርኩት። የሌላውን ካባ ብወደውም እሱን እዚያው ተውኩት።

የካርቶኑ ሥዕል እንዲህ ነበር። ባለ ካባው ከላይ ይበራል፤ ፊቱን ወደ ጎን ስላዞረ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ጥቁሩ ከታች ቆሟል፤ ፊት ለፊት ያያል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ፈጠዋል፤ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቷል፣ ከመዳፎቹ ቢጫ ብርሃን ይወጣል። የቱ ደግ፣ የቱ ክፉ እንደሆነ አላወቅኩም። እንዲያውም አንዱ ደግ ሌላው ክፉ መሆን እንዳለበትም አላሰብኩም።

ይህን የነገረችኝ የመሪጌታው ልጅ ናት። አባቷ ከካምፑ ማዶ ያለው ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበሩ፤ እሷ ከካምፑ ቦቴ ውኃ ለመቅዳት ትመጣለች። ከክፍሌ ልጆች አንዷ ነች፤ አንድም ቀን ከሰል ብላኝ አታውቅም፤ አነጋግራኝም አታውቅም። አንድ ቀን ጀሪካኗ እስኪሞላ ስትጠብቅ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አየችው።

«አንች፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«አሻንጉሊት።»

«አምጭው እስቲ።»

እንደ መጽሐፍ በሁለት እጇ ይዛ ተመለከተችውና ጣቷን ባለ ካባው ላይ አሳረፈች። «ሰይጣኑ ይኸ ነው» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አንድ ዓይን ነዋ ያለው! ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ አታውቂም እንዴ?»

ገብቼ አውቃለሁ። የእናቴ አገር ቤተ ክርስቲያን ግን ግድግዳው በጭቃ ተለስኖ የቀረ ነው፤ ሥዕል የለውም። የእነ መሪጌታው ቤተ ክርስቲያን የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የተሳለ ነበር። በዚያ ሥርዓት ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ። ሰይጣን፣ ከሃዲና ክፉ ወታደር ደግሞ ከጎን፣ በአንድ ዓይን። የአካባቢው ልጅ ይህን የሚያውቀው ፊደል ሳይቆጥር ነው።

«ታዲያ ይበራል እኮ» አልኳት።

«መብረር አይደለም፤ ከሰማይ እየወደቀ ነው። እይውማ፣ በጭንቅላቱ ነው የሚመጣ። ይኸኛው ደግሞ እጁን ዘርግቶ እየጸለየ ነው።»

«ብርሃኑስ?»

«ጸሎቱ ነዋ።»

ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈስ ነበር። ዘበኛው ከሩቅ «ደግ አደረግሽ!» አሉን።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ካርቶኑን ይዤ እንድመጣ አደረገችኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባለው ሜዳ ልጆቹን ሰበሰበችና ሥዕሉን አሳየች። ያልተቀበላት የወፍጮ ቤቱ ልጅ ብቻ ነው። እሱ በጣም ቀይ ልጅ ነበር፤ ጎንደር ሄዶ ሲኒማ አይቶ ስለተመለሰ ደግሞ ስለ እንዲህ ያለው ነገር ከሁላችን በላይ አውቃለሁ ይላል።

«የሚበረው ነው አክተሩ» አለ። አክተር ማለት የፊልሙ ጀግና፣ የማይሞተው ማለት እንደሆነ ነግሮናል። «ሰይጣን እኮ ጥቁር ነው። የመቅደሱን ግድግዳ በምዕራብ በኩል አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ጥቁር ነው። ዓይኑስ ስንት ነው?»

ልጁ አሰበ። «አንድ።»

«የዚህስ?»

«ሁለት።»

«እንግዲያ!»

«ካባ ለብሷል እኮ!»

«ሰርቆ ነው።»

«ከማን?»

«ካባቴ።»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ ግን አልተወም። «ፀጉሩንስ አታይም? ወርቅ ነው።»

«የበቆሎ ጭራ ነው» አለችው፤ በዚህ ተረታ።

ጨዋታውን ያወጣችው እሷ ናት። ክፉ የሆነ ሁሉ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ይሮጣል። ሁለት ዓይን ያለው መካከል ላይ ቆሞ እጁን ይዘረጋል፤ መዳፉ የዞረበት ይወድቃል። ባለ ሁለት ዓይን ማን ይሁን ሲባል ልጆቹ እኔን አዩ። ሌላ ሊሆን አይችልማ፤ አሻንጉሊቱን የምመስል እኔ ብቻ ነበርኩ። ያ መልክ ከሰኞ ማክሰኞው ያስወጣኝ ነው፤ እዚህ ግን ቦታው ያለእኔ አይሞላም።

አንድ ዓይኑን ሸፍኖ የሚሮጥ ልጅ ርቀት አይለካም። በሜዳው የከብት ዱካ ሠርቶት ሲደርቅ የጠነከረ ጉድጓድ ሞልቶ ስለነበር እኔ መዳፌን ሳላዞር የሚወድቁት ይበዙ ነበር። «ገና ነው! ገና አልዘረጋሁም!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ እነሱ መሬት ላይ ሆነው ይስቃሉ። ከዚያ በፊት ወረታ ውስጥ ጮኼ የማውቅ አይመስለኝም። ከሰል ማለቱ ቀረ፤ ባለ ሁለት ዓይኗ አሉኝ። ጠዋት ትምህርት ቤት ስገባ «ዛሬም ካርቶኑን ይዘሻል?» የሚለኝ ሰው አለ። ማታ ለአባቴ የምነግረው ነገር አገኘሁ። እሱ እያንጎላጀ «ማን ወደቀ?» ይለኛል፤ አንድ በአንድ እነግረዋለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ክፍል ውስጥ ነው። ከጥቁር ሰሌዳችን በላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤት የዋለ ሰው ያስታውሰዋል፤ ሦስት ጢማም ነጮች ተደርድረው ሦስቱም ወደ አንድ ጎን የሚያዩበት። ከትምህርት መክፈቻ ጀምሮ ሥሩ ተቀምጠናል። ዓይናቸውን የቆጠረ ሰው ግን አልነበረም። አንድ ቀን የወፍጮ ቤቱ ልጅ ቆጠረና እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ እነዚህም አንድ አንድ ዓይን ነው ያላቸው።»

መምህራችን ወጣት ነበር፤ ከሌላ አውራጃ ተመድቦ የመጣ። ኖራውን አስቀመጠ። «ምን ማለትህ ነው?»

«አንድ ዓይን ያለው ሰይጣን ነው፣ ጋሼ። የመሪጌታው ልጅ ናት ያለች። ካርቶኑ ላይም አለ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ አልሳቀም። ወደ በሩ ሄዶ ውጭውን አየና ዘጋው። እኛ ልጆች ምን እንዳስፈራው አላወቅንም። መንግሥት በየክፍሉ ያሰቀላቸውን እነዚያን ሦስት ሰዎች በተማሪዎቹ ፊት ሰይጣን አሰኝቷል ተብሎ ቀበሌ ቢደርስበት ምን እንደሚከተለው እሱ ያውቅ ነበር። ከዚህ ባነሰ ቃል የታሰረ ሰው በየከተማው ነበር።

«የቱ ካርቶን?» አለ።

ካርቶኑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ አየው። ከዚያ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ካርቶኑን ከፍ አድርጎ ለሁላችን አሳየ።

«ስሙኝ። ይኸ የሚበረው ጀግናው ነው። ይኸ ጥቁሩ ጠላቱ ነው። ከእጁ የሚወጣው እሳት ነው፤ ሰው ሊያቃጥል ነው። እንግሊዝኛው የሚለው ይህንን ነው። ከጎን መሳል ምንም ማለት አይደለም። ገባችሁ?»

«ገብቶናል፣ ጋሼ!»

«አንድ ዓይን ማለት ምን ማለት ነው?»

«ምንም ማለት አይደለም!»

«ድገሙት።»

ደገምነው። የመሪጌታው ልጅ አፏን አልከፈተችም፤ ከአጠገቧ ስለነበርኩ አይቻለሁ።

መምህሩ ጽሑፉን አንብቦ ይሁን ሳያነብ እንደተናገረው አላውቅም። ካርቶኑን ያየበት ጊዜ አጭር ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሄድኩበት ከተማ የአሻንጉሊት ሱቅ ሳገኝ ቆሜ የማየት ልማድ አለኝ። በዚያ ዘመን በተሠሩት ካርቶኖች ላይ የሚበሩት ባብዛኛው ነጮች ናቸው፤ ጥቁር ከተገኘ ብዙውን ጊዜ እሳት ለቃቂው እሱ ነው። ቆይቶ የሚበሩ ጥቁሮችም መጥተዋል። ስለዚህ የእኛ መምህር ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ትክክሉን ያገኘው ግን በፍርሃት ይሁን በንባብ፣ አሁን የሚነግረኝ የለም።

የዚያን ዕለት ሜዳው ላይ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነጠላውን እንደ ካባ አንገቱ ላይ ቋጥሮ መጣ።

«አክተሩ እኔ ነኝ። ከሰል፣ አንች ጠላት ነሽ።»

«ዓይን የሚሸፍነው ማን ነው ታዲያ?» አለ አንዱ ትንሽ ልጅ።

«ማንም! ምንም ማለት አይደለም ተባለ አይደል?»

ዓይን የሚሸፍን ከጠፋ ጉድጓድ ውስጥ የሚወድቅ የለም። ሁሉም ቀጥ ብለው ሮጠው ደረሱብኝ። ጨዋታው ጠላትን መጣል ስለሆነ ጣሉኝ። ስነሳ ጣሉኝ። ክርኔና ጉልበቴ ተላጠ። መሄድ እችል ነበር፤ የያዘኝ የለም። ወደ ካምፑ አየሁ። ደጃፉ ላይ ከዘበኛው በርጩማ ሌላ ምንም አይታይም። ተነስቼ እጄን ዘረጋሁና ጠበቅኳቸው። በማግስቱም ሄድኩ። መጣል ተሟልተናል ከመባል ይሻለኝ ነበር።

የመሪጌታው ልጅ ግን ሜዳው ላይ አልመጣችም። ውኃ መቅዳቱንም ታላቅ ወንድሟ ተካት። እሷ ከሌለች ጨዋታውን የሚዳኝ አልነበረም። የወፍጮ ቤቱ ልጅ በየቀኑ አክተር ልሁን ሲል ሌሎቹ «አንተ ብቻ ነህ እንዴ ቀይ?» ብለው ተነሱበት። እርስ በርሳቸው ቀይና ቀይ ዳማ፣ ቀይ ዳማና ጠይም እየተባባሉ ክንዳቸውን አጠገብ ላጠገብ አድርገው ተለካኩ፤ ተጣሉ። በዚያው ቀረ። ወደ ሰኞ ማክሰኞ ተመለሱ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ተሟልተናል» አለች አንዷ።

እንግዲህ የቀረኝ እሷ ብቻ ናት ብዬ መንገዱን ተሻግሬ ወደ መሪጌታው ቤት ሄድኩ። የማንንም ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም ነበር። መሪጌታው ከደጅ ፀሐይ ላይ ብራና ይፍቁ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ አንች?»

«የግሬደሩ።»

«እህ። ካርቶን ያላት።» ሥራቸውን አላቋረጡም። «ያን ካርቶን ወደ ተማሪ ቤት አትውሰጅው። የዓይን ነገርም እዚያ አታንሱ። የቤተ ክርስቲያኑ በቤተ ክርስቲያን ይቆይ። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ፣ የኔታ።» ከዚያ የመጣሁበት ባይሆንም ጠየቅኳቸው። «የኔታ፣ ጥቁሩ ሰይጣን ነው?»

ያኔ ቀና አሉ። «የቱ ጥቁር?»

«ካርቶኑ ላይ ያለው።»

«እኔ ካርቶኑን አላየሁትም፣ ልጄ» አሉ። «ያላየሁትን ሥዕል እንዲህ ነው አልልም። ግቢ፤ እሷ ከጓሮ ናት።»

ከጓሮ የበቆሎ ክምር አጠገብ ቁጭ ብላ ትፈለፍል ነበር። ስታየኝ አልተገረመችም።

«ለምን ተውሽ?» አልኳት።

«አባቴ ከለከለኝ።»

«ጨዋታውን?»

«ዓይኑን። ዓይኑን እንዳላነሳ። ዓይኑን ካላነሳሁ ደግሞ ጨዋታው ውሸት ነው።»

«ብትመጪ እኮ ዝም ብለሽ ማየት ትችያለሽ።»

«ምን ልይ? ሲጥሉሽ?» ክርኔን አየችው። «ዝም ብለሽ ተጣልሽላቸው አይደል? ወይ ጉድ! ለምን ቤትሽ አልሄድሽም?»

«ቤት ማንም የለም።»

ከክምሩ አንድ ዛላ አንስታ ወደ እኔ ወረወረች። ያዝኩት።

«ቁጭ በይና ፈልፍይ።»

ተቀመጥኩ። አላውቅበትም ነበር፤ በጥፍሬ ስጀምረው ሳቀችብኝ፤ መጀመሪያ አንድ መስመር በአውራ ጣት አስለቅቆ ከዚያ ሌላውን ወደ ክፍተቱ መግፋት እንደሆነ አሳየችኝ። ትንሽ ቆይቼ «ሌላ ጨዋታ አታውቂም?» አልኳት።

«አውቃለሁ። ስንት በቆሎ እንዳለ ግን አየሽ?»

ልሄድ ስነሳ «ነገ ካርቶኑን ላምጣ?» አልኩ።

«ምን ያደርግልኛል። እጅሽን ይዘሽ ነይ።»

በማግስቱም ከዚያ በኋላም ሄድኩ። ሌሎቹ ልጆች ከአጥሩ ማዶ ሲጮኹ ይሰማናል። ብዙ አናወራም ነበር። ስለ አሻንጉሊቶቹ አንድ ቀን እንኳ አላነሳችም፤ እኔም ጥቁሩን ከትራሴ ሥር ማሳደሩን የተውኩት ያን ሰሞን ነው፤ በምን ቀን እንደሆነ አላስታውስም። ካርቶኑን ከዚያ ወዲህ ያየሁት አይመስለኝም።

ክምሩ ሲጋመስ አባቴ መንገዱ ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ ስለገፋ ካምፑ እንደሚነሳ ነገረኝ። መኪናው የሚጫነው በማለዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ነገርኳት።

«ግማሹን ትተሽልኝ ልትሄጅ ነው?» አለች።

የምትቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ፤ ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። እንደ ሁልጊዜው ዛላ ወረወረችልኝ። ፀሐይዋ ወደ ጣና በኩል ስታዘቀዝቅ እናቷ ከቤት ተጣሩ። «መጣሁ!» አለች፤ አልተነሳችም። እንደገና ተጣሩ። «መጣሁ እኮ!» አለችና ሌላ ዛላ አነሳች።